በጳጉሜ የተመዘገቡት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴ እንኳ። በየዓቢይ ጾሙ ፊታቸው ቀርቤ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ጾም መግደፌን ስዘረዝር ይቺን እዘላታለሁ። እናንተ አታውቁኝም፤ የደፈርኩት ምናልባት ለዚህ ይሆናል።

ወረዳ ሁሉ በኔትወርክ ይገናኝ በሚባልበት፣ አንድ ለአምስት በምንሰበሰብበት ዘመን መካነ ሰላም ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። የገበሬው የመሬት መዝገብ እኔ በምጠብቀው ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨር በምንለው ላይ ነበር። ሰርቨሩ ስላረጀ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙንም መዝገቡን የሚይዘውን ዳታቤዝም በአዲስ እንድተካ ታዘዝኩ። በማግስቱ ከደሴ የሚመጡ አለቆች ሊያዩት ነው። ዝናብ ነበር፤ መብራት ሄዶ በመጠባበቂያ ባትሪ ነው የምሠራው። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ይጮሃል፣ እኔም ላብ በላብ ሆኛለሁ።

መዝገቡን ወደ አዲሱ ሳዛውር ስክሪኑ ላይ ስህተት፣ ስህተት እያለ ይወርድ ጀመር። አላየሁም ልል አልችልም፤ አየሁት። መዝጋቢዎቻችን ቀኑን የሚያስገቡት በእኛ አቆጣጠር ነበር። አሮጌው ዳታቤዝ የሰጡትን ዝም ብሎ ይቀበላል፤ አዲሱ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ስለሆነ ለሱ አሥራ ሦስተኛ ወር ብሎ ነገር የለም። በጳጉሜ የተመዘገበውን ሰው ሁሉ አልቀበልም አለ። እለፈው የሚለውን ተጫንኩ። በኋላ አስተካክለዋለሁ ብዬ ተጫንኩ። አለቆቹ መጡ፣ አዩ፣ በስብሰባ ተጨበጨበልኝ። አስተካከልኩት? አላስተካከልኩትም። ከዚያ ሁሉ ጭብጨባ በኋላ ሰው ጎድሏል ማለት አስፈራኝ።

ከጊዜ በኋላ እትዬ ከድጃ መጡ። ባላቸው ሞቶባቸዋል፤ ቤታቸው ሲቃጠል የመሬት ደብተራቸው አብሮ ነዷል። የባላቸው ወንድም መሬቱ የኔ ነው ብሎ ጠምዶ እያረሰባቸው ነው። ምትክ ደብተር ለማግኘት ስማቸው መዝገብ ላይ መገኘት አለበት፤ የወረቀቱ መዝገብ ደግሞ ጣሪያ አፍስሶበት ተበላሽቷል። ስማቸውን ጻፍኩ። የለም። መቼ ተመዘገቡ ብዬ ለመጠየቅ ፈራሁ፤ ራሳቸው ነገሩኝ።

«በጳጉሜ ነው ልጄ፣ ዝናቡ እየመታን። እስቲ አላህ ይስጥህ፣ ደግመህ እይልኝ።»

ደግሜ ያየሁ መሰልኩ። ከሰርቨሩ ያወጣሁት፣ የቀድሞው መዝገብ ሳይጎድል ያለበት አሮጌ ዲስክ ጉልበቴ አጠገብ፣ መሳቢያው ውስጥ ነበር። እሱን አውጥቼ ብሰካው ስማቸው ይገኛል፤ የኔም ጉድ ይወጣል። ምን ነካኝ? እንጀራዬ ነው ያሳሳኝ? ወይስ ያጨበጨቡልኝ ሰዎች ዐይን? «የሉም» አልኳቸው። ፊቴ ገርጥቶ ኖሮ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርገው፣ «አብሽር ልጄ፣ አንተ ምን አጠፋህ» ብለውኝ ወጡ።

በሳምንቱ ዲስኩን ሙልጭ አድርጌ አጠፋሁት። ማንም አላዘዘኝም፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። እዚያ ላይ ሌላ ስንት የጳጉሜ ሰው እንደነበረ እንኳ አላውቅም።

መሬቱ ለባላቸው ወንድም ተፈረደ። ልጃቸው ሀያት ትምህርቷን ትታ ዐረብ አገር ገባች፤ እናቷን እስከ ዛሬ የምታኖረው እሷ ናት። እትዬ ከድጃን ገበያ ላይ አገኛቸዋለሁ። ጤናዬን ጠይቀው ይመርቁኛል፤ እኔም አሜን እላለሁ። መብራቱን፣ አለቆቹን፣ ልጅነቴን ሰበብ አላደርግም። ይቅር በሉኝም አልላችሁም። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ለእሳቸው ደግሞ አልነገርኳቸውም።