አየር የገባበት ብልቃጥ

በሆስፒታሉ የጨረር ምርመራ ክፍላችን ውስጥ «ላሟ» የምንላት፣ ባልዲ የምታክል፣ በእርሳስ የተሸፈነች ዕቃ ነበረች። በአውሮፕላን ትመጣለች፣ ጠዋት ጠዋት ጨረር ያለው ፈሳሽ ትታለባለች፣ እያደር ትደክምና ትነጥፋለች። ፈሳሹን ብልቃጥ ውስጥ ካለ ዱቄት ጋር እናዋሕደዋለን። ታማሚው ሲወጋው አጥንት ላይ ይሰፍርና ካሜራው ያነሳዋል። የእኔ ሥራ ከመወጋቱ በፊት ከብልቃጡ አንዲት ጠብታ ወረቀት ላይ አድርጌ መዋሐዱን መፈተን ነበር።

ብልቃጡን የሚያዘጋጁት እትዬ የምንላቸው አንጋፋ ባልደረባችን ነበሩ። ሁለታችንም የካዛንቺስ ሰዎች ስለሆንን በአንድ ታክሲ ነበር የምንመጣው። ወደ እኛ ክፍል ከመዛወራቸው በፊት ብዙ ዘመን በነርስነት ሠርተዋል። አቤት ቁጣቸው! የተወጋ ሰው እስከ ማግስቱ ጨረር ስለሚያወጣ፣ ዘመድ ከታማሚ ጎን ተለጥፎ ካዩ «ራቅ በሉ እንጂ! ፍቅራችሁን ነገ ትገልጻላችሁ!» ይላሉ። ደረታቸው ላይ ያለችውን፣ የደረሰብንን ጨረር የምትመዘግበውን ባጅ ከአንገታቸው መስቀል እኩል ነበር የሚጠነቀቁላት። እኔ ግን ከነቁጣቸው እወዳቸው ነበር።

አንድ ዓርብ ታናሽ እህታቸው ከቡልጋሪያ ሰፈር ለምርመራ መጣች። እናታቸው ቶሎ ስላረፉ ያሳደጓት እትዬ ናቸው። የጡት ካንሰር ታክማ ድና ነበር፤ አሁን ግን ወገቧን እያመማት ነው። በሽታው አጥንቷ ውስጥ ገብቶ እንደሆነ የሚታየው ያን ቀን ነው።

«ዛሬ እኔ ላዘጋጅ» ብላቸው «የሷን እኔው ነኝ የማዘጋጅላት» አሉ።

ወረቀቱን ስፈትን ፈሳሹ አልተዋሐደም። ደገምኩት፤ ያው ነው። እንዲህ ሆኖ ቢወጋ አጥንቷን ትቶ ጨጓራዋና አንገቷ ላይ ይሰፍራል፤ ፎቶውን አይቶ ደፍሮ የሚናገር ሐኪም አይገኝም። ቀና ብዬ ሳያቸው ገባቸው።

«አየር ሰጠሁት፣ አይደል?»

ነርስ ከብልቃጥ መድኃኒት ስትቀዳ መጀመሪያ አየር ትገፋበታለች። የእኛን ዱቄት ግን አየር ያበላሸዋል። ይህንን ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ የሚያስተምሩት ራሳቸው እትዬ ናቸው። ያን ቀን ፍርሃት የድሮ እጃቸውን መለሰባቸው።

ላሟ ደክማ ስለነበር የጠዋቱን ፈሳሽ አንጠፍጥፈን ጨርሰናል። ሌላ እስክታጠራቅም መጠበቅ ግድ ነው። እትዬ ወጥተው ለእህታቸው «አየር አስገብቼ ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አሏት፣ ሳያስተባብሉ።

እሷ ሳቀች። «እቴቴ፣ አንቺ ድሮም የድስት ክዳን ሳትከፍቺ አይሆንልሽም፤ በቃ እጠብቃለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ላሟ ትንሽ ሰጠች። እትዬ «አንቺ አዘጋጂው» ብለው ወደኋላ አሉ። አንጀቴን በሉት።

«ከእርስዎ ሌላ ማን ያዘጋጅላታል? እኔ ወረቀቴን ይዤ እዚሁ አለሁ» አልኳቸው።

«አየር የለም፣ አየር የለም» እያሉ ለራሳቸው እያንሾካሾኩ ቀዱ። ወረቀቱ አለፈ። እህታቸው ተወጋች፤ ውኃ እየጠጣች ጠበቀችና ካሜራው ሥር ተኛች።

ሐኪሙ ምስሉን እያገላበጠ ቆየ። እትዬ ከኋላው ቆመው ነበር። በመጨረሻ «አጥንቷ ንጹሕ ነው» አለ። «ወገቧን የሚያማት ሌላ ነገር ነው።»

እህታቸው በእትዬ በራሳቸው ደንብ መሠረት መጠበቂያው ጥግ ለብቻዋ ተቀምጣለች። እትዬ ባጃቸውን ከደረታቸው ፈትተው ቀስ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ወጥተውም ጥምጥም አሉባት።

«እቴቴ፣ መጠጋት ክልክል ነው ስትይኝ አልነበር?» አለቻቸው።

«ዝም በይ» አሏት።