ከበርበሬ ጋር የተሳፈረው በሬ

ባዶ መኪና መንዳት አልችልም። በሽታ ነው። ዳምቦያ ሲሚንቶ አራግፌ ወደ ሆሳዕና የምመለስ ከሆነ ድንችም ይሁን፣ ባዶ ጠርሙስም ይሁን፣ የሰው አሮጌ ቁም ሳጥንም ይሁን አንድ ነገር ካልጫንኩ የጭነቱ ሳጥን ስፖንዳ ሲንኳኳ እኔን የሚሰድበኝ ይመስለኛል። በዚህ አመሌ የተነሳ ረዳት አይበረክትልኝም። የመጨረሻው፣ «አንተ እኮ ቀብር ስትሄድም የመልስ ጭነት ትፈልጋለህ» ብሎኝ ነው የወረደው። ሰድቤ ሸኘሁት። እውነቱን ነበር።

ስለዚህ ብቻዬን እነዳለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ሽበት ከጀመረኝ በኋላ ነው፣ በማታ ትምህርት፣ ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ እያለኝ። መጻፍ እንደቻልኩ የመጀመሪያውን ድርሰቴን በአይሱዙዬ የኋላ በር ላይ በቀይ ቀለም አሰፈርኩት፦ «ብቻዬን ይሻለኛል»። ከኋላዬ የመጣ ሁሉ፣ ወዶም ሆነ ጠልቶ፣ ያነበዋል። በዚህ አካባቢ እንደ እኔ አንባቢ ያገኘ ደራሲ ያለ አይመስለኝም።

ይህ ብቻውን የሚሻለው ሰውዬ ነው እንግዲህ ባለፈው መስቀል በሬ ላይ ልግባ ብሎ የተነሳው።

በእኛ አገር መስቀል ሲደርስ ሰው የሚጠየቀው «የትኛው በሬ ላይ ነህ?» ተብሎ ነው። የሰፈር ወንዶች ተቧድነው በሬ ይገዛሉ፣ አብረው ያርዳሉ፣ ሥጋውን መደብ መደብ አድርገው በዕጣ ይካፈላሉ። እኔ ግን ሰፈሩ ውስጥ ቤት ከሠራሁ ጀምሮ አንድም በሬ ላይ ገብቼ አላውቅም። መስቀል ለእኔ የሥራ ወቅት ነበር። ሰው ወደ አገሩ ሲገባ ዕቃውን የማስገባው እኔ ነኛ። ሚስቴ ዓመቱን ሙሉ ከሴቶቹ ጋር ቅቤ ስታጠራቅም ትከርማለች። ቅቤው ወጉን ጠብቆ ይደርሳል፣ ሥጋው ግን ከልኳንዳ በፌስታል ይመጣል። «ቅቤዬን አሳፈርከው» ትለኛለች። ቅቤ እንደሚያፍር ያወቅሁት ከእሷ ነው።

አምና ከቡድኑ አንድ አባወራ ወደ ዱራሜ ተዛወረና ቦታ ተገኘ። ሚስቴ እኔን ሳታማክር ሄዳ የቡድኑን ዳኛ ለመነች። ዳኛው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። አንድ ቀን ጋቢናዬን በከዘራቸው አንኳኩት።

«አንተ ሹፌር፣ በሬ ላይ ልትገባ ነው አሉ።»

«ሚስቴ ናት ያለችው፣ ጋሼ።»

«እሷማ ሰው ናት። እኔ የምጠይቀው ስላንተ ነው። በዕለቱ ትገኛለህ ወይስ በስልክ ልታርድ ነው?»

«እገኛለሁ።»

«እንግዲያው በሬውን ቦኖሻ ገዝተን ዘመድ ቤት አስረነዋል። መኪና ያለህ አንተ ነህ፣ ታመጣዋለህ። በደህና ካደረስከው ከእኛ ጋር ነህ። ካላደረስከው ልኳንዳህ አለልህ።»

በሬውን ላመጣ ስወጣ ሚስቴ የጋቢናውን በር ይዛ ቆመች። «አደራህን፣ በሬውን ብቻ።»

«ሌላ ምን እጭናለሁ?» አልኳት።

እኔ ስቆጣ በተወለድኩበት በከምባትኛ ነው፣ ስደራደር በሚስቴ ቋንቋ በሀዲይኛ፣ ስዋሽ በአማርኛ። ያን ጠዋት የመለስኩላት በአማርኛ ነበር። ልብ ብላለች፣ ግን በሩን ለቀቀችው።

በሬው ዳማ ነው። ደረቱ ሰፊ፣ ዓይኑ ረጋ ያለ፣ እንደ እኔ ያለውን ሰው ከላይ እስከ ታች የሚገመግም። መኪናዋን በኋላ ማርሽ ወደ ጉብታው አስጠግቼ የኋላ በሯን ከፈትኩለት። የቤቱ ሰዎች ገመዱን ሲስቡ ማንንም ሳያስቸግር እንደ ባለሥልጣን ተራምዶ ገባ። ፊት ለፊት ከብረቱ ጋር አሰርነው። እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነበርኩ።

ከዚያ ዞር ብዬ መኪናዋን አየሁ። በሬው የያዘው ከጋቢናው ጀርባ ያለችውን ቦታ ብቻ ነው። የቀረው ባዶ ነው። ባዶ! ሰውነቴን በላኝ።

አንድ የማውቀው በርበሬ ነጋዴ ይህን ከሩቅ ያሸተተ ይመስል መጣ። ዋጋ እስኪወጣ ያቆየውን ደረቅ በርበሬ ለበዓል ሊያወጣ ነው።

«ወደ ሆሳዕና ነህ?»

«የመስቀል በሬ ይዣለሁ።»

«ታዲያ በሬው ምን ይላል? ጥቂት ጆንያ ናት።»

በሬው ምንም አላለም። ጆንያዎቹን ከኋላው ደረደርኳቸው፣ እንዲያውም ከነፋስ ይከልሉታል ብዬ ራሴን አመሰገንኩ።

ፎንቆ ስደርስ ዝናብ ጀመረ። በርበሬ ውሃ ከነካው ሻገተ ማለት ነው። ወርጄ ሸራውን ጎተትኩና ዙሪያውን ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። በሬና በርበሬ ከአንድ ሸራ ሥር፣ መውጫ በሌለበት። ይህን ሳደርግ በአፌ እያፏጨሁ ነበር።

ከፎንቆ ወጣ እንዳልኩ ከኋላ «ጧ!» የሚል ነገር ሰማሁ። ጎማ ፈነዳ ብዬ ቆምኩ። ዞሬ ጎማውን ሁሉ በእግሬ መታሁት፣ ደህና ነው። ጉዞ ቀጠልኩ። «ጧ!» ደግሞ ቆምኩ። ሞተር ከፍቼ አየሁ። ሦስተኛው የመጣው ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ነው፣ መኪናዋ ሁለመናዋ ተንቀጠቀጠች። በሬው እያስነጠሰ ነበር።

ሸራውን ገለጥ ሳደርገው አንድ ቀይ ደመና ፊቴ ላይ አረፈ። በሬው አንዱን ጆንያ በኋላ እግሩ በጥሶ በርበሬውን ሲያደቅ ቆይቷል፣ ወፍጮ ቤት እንኳ እንደዚያ አያልመውም። ዓይኑ ቀልቷል፣ እንባው በጉንጩ ይወርዳል፣ አፍንጫው ይዝረበረባል። አዘንኩለት። በጀሪካን ከያዝኩት ውሃ አፍስሼ ዓይኑን በእጄ አሸሁለት። በዚያው የተቀደደውን ጆንያ ባሰርኩበት እጄ። በሬው ሲያገሳ የፎንቆ ሰው ሁሉ የሰማ መሰለኝ። ደንግጬ የራሴንም ዓይን ጠረግሁ። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም መንገድ ዳር ቆመን አለቀስን። ያለፈ ያገደመ ሰው አይቶን ከሆነ ሐዘን የደረሰብን ቤተሰብ መስለነዋል።

ሆሳዕና ስገባ ጆንያዎቹን መጀመሪያ የነጋዴው ሱቅ አራገፍኩ፣ ማስረጃ ላጠፋ። መጥረጊያ ግን ትዝ አላለኝም።

ሰፈር ስደርስ ወንዶቹ ተሰብስበው ቆመዋል። ሚስቴ ከሴቶቹ ጋር በር ላይ ናት። በሬውን አወረድነው። ዓይኑንና አፍንጫውን አዩ። ከቡድኑ አንዱ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ነርስ ነው፣ ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ።

«እኔ የሰው ነርስ ነኝ» አለ ነርሱ፣ «ግን ሰው ቢሆን ኖሮ አስተኛው ነበር።»

ዳኛው በሬውን ዞረው አዩት። «ምን አገኘው?»

«ነፋስ መትቶት ነው፣ ጋሼ» አልኩ። በአማርኛ።

«ዓይኑ የቀላው?»

«አቧራ።»

«በዚህ ዝናብ?»

መልስ ልሰጥ አፌን ስከፍት አስነጠሰኝ። በሬው ተከተለኝ። ዳኛው አንዴ እኔን አንዴ በሬውን አዩ።

«የታመመ በሬ አናርድም» አለ ከኋላ አንዱ። ሚስቴን ማየት አቃተኝ። ልኳንዳው፣ ፌስታሉ፣ የሚያፍረው ቅቤ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ታዩኝ።

ነርሱ ግን ወደ መኪናዋ ሄዶ ላይዋ ላይ ወጣ። ጎንበስ አለ፣ የሆነ ነገር በጣቱ አንስቶ አሸተተ። ከዚያ ማስነጠስ ብቻ። ሊያወርደው የወጣውም አስነጠሰ። ዳኛው ከዘራቸውን ይዘው ወደ ኋላ በር ጠጋ ብለው የወለሉን ቀይ ፍሬ አዩ፣ ጽሑፌንም ቀስ ብለው ጮክ አድርገው አነበቡት።

«ብቻዬን ይሻለኛል። ይህን መጻፍ የነበረበት በሬው ነው።»

ሳቁ ሲመጣ ከዝናቡ በላይ ነበር። ሴቶቹ ሳይቀሩ ከሳቅ ብዛት መሬት ላይ ተቀመጡ። ሚስቴ አልሳቀችም። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ዳኛውን ታያለች።

«ጋሼ፣ ታዲያ ምን ይደረግ?» አለች።

ዳኛው ዓይናቸውን ጠራረጉ፣ ከሳቁም ከበርበሬውም። «በሬው እስኪታረድ እናንተ ግቢ ይታሰራል። ሣሩም ውሃውም የዚህ ሰውዬ ነው። ዓይኑን ያጥባል፣ መጀመሪያ እጁን በሳሙና ታጥቦ። መኪናዋ አትነቃነቅም።»

«ጭነት ቢደወልልኝስ?»

«በሬ ይዞኛል በላቸው።»

ተደወለልኝም። አንጋጫ የሚሄድ ጭነት ነበር፣ መልስም ያለው። ስልኩን ይዤ ግቢዬ ውስጥ ቆምኩ፣ በሬው እያላመጠ ያየኛል። «በሬ ይዞኛል» አልኩ። ደዋዩ ሰክሬ መስሎት ዘጋው። ቤቴ ፀሐይ በየት በኩል እንደሚገባ ያየሁት በእነዚያ ቀናት ነው። ሚስቴም ቀን በቀን እኔን ማየት ሰልችቷት ወደ ጎረቤት ስትሄድ አይቻለሁ።

የእርዱ ዕለት በሬው ዓይኑ ጠርቶ፣ ጤነኛ ሆኖ ወጣ። ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሥጋው ሲከፋፈል ሁሉም የየራሱን መደብ እያነሳ፣ «ዘንድሮ አዋዜ አያስፈልግም፣ ከነበርበሬው ነው የመጣው» ይላል። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይደግመዋል፣ አዲስ ነገር የተናገረ ይመስል። የኔን ድርሻ በቅርጫት ተሸክሜ ገባሁ። ሚስቴ ቅቤዋን ከፈተች። ስለ ቅቤው ዕፍረት ምንም አላለችም፣ እኔም አልጠየቅኳትም።

ቀደም ሲል፣ ከእርዱ ቦታ ስንለያይ፣ ዳኛው ከዘራቸውን ደረቴ ላይ አድርገው ነበር።

«ለሚቀጥለው ዓመት በሬው በእግሩ ይመጣል።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

«አንተም ከቦኖሻ ጀምረህ አብረኸው በእግርህ ትመጣለህ። ባዶ እጅህን።»

ዘንድሮም መስቀል እየደረሰ ነው። ሰሞኑን በገበያ ሳልፍ ጠንካራ ጫማ እያየሁ ነው። ባዶ እጅ የሚባለውን ግን ገና አላመንኩበትም፣ ትከሻ እኮ አለኝ።