ሐይቁ የማን ነው

ትናንት ከሰዓት የወንድሜ ልጅ ሶስና የሥነ ዜጋ መጽሐፏን ይዛ መጣች። «አጎቴ፣ ጣና በፌዴራሉ ሥልጣን ሥር ነው ወይስ በክልሉ?» አለችኝ። ፈተና አለባት።

ይህንኑ ያጠናሁት ተማሪ ሳለሁ በአባቷ ታንኳ ላይ ነው። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ያሬድ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር እንጨት ያመላልስ ነበር። ቅዳሜ አብሬው ስሳፈር እየቀዘፈ ይጠይቀኛል። ክልሎችን የሚያገናኝ ውኃ የፌዴራሉ ነው፣ መሬቱን የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው፣ እላለሁ።

«ዓሣውስ?»

«መጽሐፉ ላይ የለም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው የኔ ነው» ብሎ ይስቅና ቆሎ ያቀብለኛል።

አንድ ነሐሴ ነፋስ ታንኳውን ገለበጠው። እንጨቱ ተንሳፍፎ ተገኘ። እሱ ግን... አልተገኘም።

ጀልባ አውጥተው እንዲፈልጉት ልለምን ባሕር ዳር ሄድሁ። ወደቡ ላይ ሁለት የሞተር ጀልባዎች ጎን ለጎን ታስረው ነበር፤ አንዱ የክልል መሥሪያ ቤት፣ አንዱ የፌዴራል። የክልሉ ኃላፊ ደግ ሰው ነው፤ ወንበር ሰጠኝ። «ሐይቁ የፌዴራል ነው፣ ወንድሜ። ሳይፈቅዱ ጀልባውን ባንቀሳቅስ የምጠየቀው እኔ ነኝ» አለኝ። የፌዴራሉ ደግሞ «ነፍስ ማዳን የክልሉ ሥራ ነው፤ እነሱ ይጠይቁን» አለ። ሁለቱም ያጠናሁትን የሚያነቡልኝ መሰለኝ። እንዲህ ስመላለስ ቀናት አለፉ።

እናታችን ደጅ ተቀምጣለች። አስከሬን ሳይገኝ ፍትሐት የለም። ጎረቤት ሊያለቅስ ሲመጣ «ልጄ መንገድ ላይ ነው» እያለች ትመልሰዋለች።

የዘጌ ዓሣ አጥማጆች ውኃ የወሰደው ሰው ሳይወጣ መረብ አይጥሉም። ገበያቸውን ትተው በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል በተሠራ ታንኳ ይፈልጉ ነበር። ሽማግሌው አባባ ተገኘ ዳር ላይ አገኙኝ።

«ከየትኛው ቢሮ መጣህ?»

«ከሁለቱም።»

«ምን አሉህ?»

ነገርኋቸው። ታንኳቸውን ወደ ውኃው ገፉና «ተሳፈር» አሉኝ።

ደንገሉ ውስጥ አገኘነው። በቀበቶው ለየሁት፤ ያዋስሁት የኔው ቀበቶ ነበር። እናቴ ፊቱን ልየው ብላ ለመነች። ቄሱ «ይቅርብሽ፣ ልጄ» አሏት። እነዚያ ቀናት ባያልፉ ኖሮ ታየው ነበር። እስከ ዛሬ የምትለው ይህንኑ ነው።

ለሶስና የመጽሐፉን መልስ ነገርኋት። ጻፈችው። ከዚያ ፈገግ ብላ «ዓሣውስ የማን ነው?» አለችኝ። አባቷ ሲሞት ገና ጡት አልጣለችም ነበር፤ ይህን የእሱን ጥያቄ ማንም አልነገራትም።

«እሱ የአባትሽ ነው» አልኋት።

እስክሪብቶዋን አስቀምጣ መጽሐፉን ዘጋችው።