ሰው ይዘው ይምጡ

መኪና መንዳት ማስተማር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ተማሪው መሪ ይይዛል፣ ማርሽ ይቀይራል፣ እንደ ትልቅ ሰው ክላክስ ያደርጋል። አስተማሪዋ ግን ከጎኑ በቀኝ ወንበር ተቀምጣ፣ እግሯን ከሁለተኛው ፍሬን ሳታርቅ ትውላለች። ያ ፍሬን ለአስተማሪ ተብሎ የተገጠመ ነው፤ ተማሪው ግድግዳ ሊሳለም ሲል ብቻ ነው የሚረገጠው። ሃያ ሁለት ዓመት በዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጥ አንድም ሰው አልተገጨባትም። አንድ ዶሮ ተገጭቷል፤ እሱም ጥፋቱ የዶሮው ነው ትላለች። ተማሪዎቿ ዞር ስትል «እትዬ ፍሬን» ይሏታል። ታውቃለች፤ አትቀየምም።

ከስድስት ዓመት በፊት ግራ ጡቷ ላይ ካንሰር ተገኝቶ ጡቷን አውጥተውላታል። መድኃኒቱን ጨርሳ፣ የረገፈው ፀጉሯም ተመልሶ በቅሎላት፣ ተመስገን ብላ ወደ ወንበሯ ተመልሳ ነበር። ባለፈው አርብ ግን ለዓመታዊ ምርመራ ስትሄድ፣ ሐኪሟ ቀኝ ጡቷን ስትዳስስ ቆይታ አንዲት ትንሽ እብጠት ላይ ስትደርስ ዝም አለች። የሐኪም ዝምታ መቼም አይወደድም። ያኔውኑ በመርፌ ናሙና ወሰዱላት።

«ውጤቱ በሳምንቱ ይደርሳል፤ እስከዚያ አይጨነቁ» አሏት።

አይጨነቁ! አፍ አለኝ ተብሎ እንዲህ ይባላል?

ለባሏ አልነገረችውም። ለምን ብትሉ፣ ባሏ ፀጉር አስተካካይ ነዋ። መልካም ሰው ነው፣ አይካድም፤ ግን አፉ ከመቀሱ ይፈጥናል። ለእሱ መንገር ለአገር መንገር ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ከሐኪም ቤት በተመለሱ ማግስት ወሬው ሰፈሩን አዳርሶ አደረ። ደንበኞቹ ከነሚስቶቻቸው መጥተው ቤቷን ሞሉት። አንዷ ስሙ የማይታወቅ ቅጠል ጨምቃ መጣች። አንዱ ደግሞ በዚሁ በሽታ የሞተች አክስቱን ታሪክ ከጥንት ከጠዋቱ ጀምሮ ተረከላትና፣ «እሷም ልክ እንዳንቺ ደህና ትመስል ነበር» ብሎ ደመደመ። አይ ሰው! «ሳልሞት ለቅሶ ተቀመጡብኝ» ብላ ባሏን አንድ ወር ሙሉ አኮረፈችው። ኩርፊያው ቢያልፍም ቂሙ አልወጣላትም። ስለዚህ አሁን «ሆድ ይፍጀው» አለች።

ሆድ ግን ሁሉን አይፈጅም። ቅዳሜ የቁም ሳጥኑን ልብስ በሙሉ አውጥታ እንደገና አጠፈችው። እሁድ ባሏ «ምነው ምግብ አስጠላሽ?» ሲላት «ጨጓራዬ ነው» አለችው። ሰኞ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ቆለፈች። ጣቷ ሳታዘው ወደዚያች ቦታ ይሄድባታል። አድጋ ይሆን? አላደገችም። ትናንት እዚህ ጋ ነበረች እንዴ? ከፍ ብላ አልነበረም? በር ሲንኳኳ ውኃ ከፍታ የምትታጠብ መሰለች። ማክሰኞ የመኪናው ቀበቶ መርፌ የገባበትን ቦታ እየነካ አስቸገራት፤ በአውራ ጣቷ ከደረቷ ገፋ አድርጋ ይዛው ዋለች። ተማሪዋ «ያመዎታል እንዴ?» ሲላት፣ «አንተ መንገዱን እይ» አለችው።

ረቡዕ ጠዋት ስልኳ ጮኸ። ከሐኪም ቤቱ ነው።

«ውጤትዎ ደርሷል። አርብ ሦስት ሰዓት ላይ ሰው ይዘው ይምጡ» አለቻት ነርሷ።

«ምን ይላል ውጤቱ?»

«እሱን ሐኪሟ ናት የምትነግርዎ» አለችና ዘጋችው።

ሰው ይዘው ይምጡ። ያን ጊዜም ያሏት ይህንኑ ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ ይኼኛው ግን ልጥ አልመሰላትም።

በዚያ ሰዓት ተራው የአንድ ዳቦ ጋጋሪ ተማሪዋ ነበር። አርባውን የዘለለ፣ ሆዱ መሪውን ሊነካ ምንም ያልቀረው፣ ክንዱ ላይ ዱቄት የማይጠፋ ሰው ነው። መንጃ ፈቃዱን ተፈትኖ ሦስት ጊዜ ወድቋል፤ አራተኛው ፈተና ሰኞ ነው። በዚህ ሳምንት ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ መብራት ላይ ቀጥ፣ የእግረኛ መሻገሪያ ላይ ቀጥ ማለት ጀምሯል። «አዩ እትዬ፣ እጄ ላይ ገባ እኮ!» እያለ በራሱ ተደንቋል።

መስቀለኛው መንገድ ጋ ሲደርሱ አንዲት ሴት የልብስ ጋሪ እየገፋች ገና ከወዲያኛው ጠርዝ ብቅ ስትል፣ መኪናው ድንገት ተገትሮ ዳቦ ጋጋሪው በሆዱ መሪው ላይ ተደፋ። ቀና ብሎ ሴትዮዋን አየ፤ ሩቅ ናት። ከዚያ ወደ እግሩ አየ። እግሩ ነዳጁ ላይ ነው።

«እትዬ፣ እኔ እኮ አልረገጥኩም።»

እሷም ወደ እግሯ አየች። ፍሬኑን እስከ ወለሉ ረግጣዋለች።

«ሰሞኑን ሁሉ እርስዎ ነበሩ እንዴ የሚረግጡልኝ?» ፊቱ ቀላ። «ሰኞ ማን ሊረግጥልኝ ነው ታዲያ? ፈታኙ?»

እውነቱን ነው። ተማሪው ሳይደርስ እሷ እየቀደመች፣ ጥላ ባየች ቁጥር ስትረግጥ ነው የሰነበተችው። ሰውዬው ያልያዘውን ትምህርት የያዘ መስሎት ሊፈተን ነው። አፏን የከፈተችው «ዝም ብለህ ንዳ» ልትል ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ካንሰሬ ሳይመለስብኝ አይቀርም» አለችው።

ከኋላቸው መኪኖች ያንባርቃሉ። ዳቦ ጋጋሪው አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ።

«እና… አሁን ወደ ግራ ልታጠፍ?»

ሳቋ ፈነዳ። እንዲህ ሳትስቅ ሳምንት ሆኗት ነበር። ሳቁ ሳያልቅ ደግሞ ለቅሶ ሆነባት። ዳቦ ጋጋሪው በቀስታ ጥግ ያዘና በራሱ ፍሬን አቆመ። ዱቄት ዱቄት የሚል ፎጣ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። እብጠቷን፣ መርፌውን፣ ስልኩን፣ ባሏን፣ ሁሉንም ዘረገፈችለት። እሱ አይዞዎት አላለም፣ የማንንም ታሪክ አላመጣም፤ ሰማት ብቻ።

«ተነፈስኩ» አለች በመጨረሻ አፍንጫዋን እየጠረገች።

«ባለቤትዎም ያኔ ለሰው ሲያወራ እየተነፈሰ ይሆናላ» አለ ዳቦ ጋጋሪው።



ቀትር ላይ ወደ ባሏ ፀጉር ማስተካከያ ሱቅ ሄደች። እሱ አንዱን ሽማግሌ ጺሙን እየላጨ ስለሚያፈስ ጣሪያ ይተርክለታል። ሽማግሌው እስኪወጣ አግዳሚው ላይ ጠበቀች። ከዚያ በሩን ዘግታ ነገረችው። ባሏ ፎጣውን አጠፈ፤ ፈታና መልሶ አጠፈው።

«ጨጓራዬ ነው አልሽኝ እኮ።»

«አገር እንዳይሰማ ብዬ ነው። ያኔ ምን እንዳደረግከኝ ረሳኸው?»

«አልረሳሁም።» የደንበኞቹ ወንበር ላይ ተቀመጠ። «ያኔ ቤት ስገባ እንዳትፈሪ ብዬ እስቅልሻለሁ። እዚህ ስመጣ ግን መቀሱን ስይዝ እጄ አይታዘዝልኝም። የሰው ጆሮ ልቆርጥ ነው። አንዱን ደንበኛ ‹ሚስቴ ታማብኛለች› ስለው እጄ ረጋልኝ። መንቀጥቀጡ ሲመለስብኝ ለሌላው ነገርኩት። እንደዚያ እንደዚያ እያልኩ ነው የቆምኩት እንጂ ቤትሽን እንዲያጨናንቁብሽ ብዬ አልነበረም።»

ስድስት ዓመት ተቀይማ አንድ ቀን እንኳ ለምን ብላ አልጠየቀችውም። አፈረች፤ አሳዘናትም።

«አሁን ግን አልናገርም» አላት። «ሞቼ ነው የምናገረው!»

ሐሙስ እግሯን ከወንበሩ ስር ሰብስባ ከዳቦ ጋጋሪው ጋር ወጣች። ሁለት ጊዜ ዘግይቶ ረግጦ ነፍሷን አወጣው፤ በሦስተኛው በልኩ ቆመ። ባሏም በበኩሉ ቃሉን ጠብቆ ዋለ። ደንበኞቹ «ምነው ዛሬ ጥርስህን አመመህ?» ሲሉት ራሱን ብቻ ይነቀንቃል። አንዱን ሰውዬ የማጅራቱን ፀጉር አጣምሞ ቆርጦ ሰደደው።

አርብ ሦስት ሰዓት ላይ ሐኪሟ ፊት ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሐኪሟ ወረቀቱን ገለጠችና ሳታድበሰብስ ነገረቻቸው።

«ካንሰር ነው። ግን ከምስር ፍሬ አይበልጥም፤ በጊዜው ደርሰንበታል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀዶ ጥገና እናደርጋለን። የሚታከም ነው።»

የፈሩት ይደርሳል። ራሷን የምትስት መስሏት ነበር፤ አልሳተችም። ፈራች፣ በጣም ፈራች፤ ተናደደችም። ግን ያ ሳምንቱን ሁሉ ሲያንዘፈዝፋት የሰነበተው ጥርጣሬ ለቀቃት። መጠየቅ ያለባትን ጠየቀች፣ ቀጠሮውን ተቀበለች፣ አመስግና ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ ባሏ አግዳሚ ላይ ቁጭ አለና መነሳት አቃተው። እንባው በአገጩ እየወረደ ኮሌታውን አርሶታል፤ ከንፈሩን ግን ግጥም አድርጎ ነክሷል። እጁ ጉልበቱ ላይ ይንቀጠቀጣል።

«አልናገርም» አላት በግድ። «ቃሌ ቃል ነው።»

አጠገቡ ተቀመጠችና እጁን ያዘችለት። መንቀጥቀጡ አላቆመም።

«ሂድ ሱቅህን ክፈት» አለችው።

«ዛሬ?»

«ዛሬ። ንገራቸው።»

ቀና ብሎ አያት። «ለማን?»

«ለሁሉም። ይምጡ፣ ቤቱን ይሙሉት፣ የፈለጉትን ያውሩ። ይሄን ሳምንት ለብቻዬ ሞከርኩት፤ አልቻልኩም።»