አክስቴ በቁማቸው ያወጡት ተዝካር

መርሳ የሚኖሩት አክስቴ ልጅ አልወለዱም። «ስሞት ተዝካሬን ማን ያወጣልኛል?» የሚለው ሐሳብ ዕረፍት ቢነሳቸው፣ በሕይወት ሳሉ ራሳቸው ሊያወጡት ቆረጡ። የቁም ተዝካር በአገራችን ነውር አይደለም።

«ለነፍሴ ስንቄን አስቀድሜ ልላክ እንጂ፣ በሰው ተማምኜ ልራብ?» አሉኝ በስልክ።

ከምኖርበት ከጋምቤላ ሆኜ ዘመድ የመጥራቱ ሥራ የእኔ ሆነ። ሳልጸልይና ሳልጽፍ የምጀምረው ነገር የለም፤ በስልክ እየነገሩኝ የሚጠሩትን ሰዎች ዝርዝር ጻፍኩ። ወልድያ ካለው ታናሽ ወንድማቸው ጋር በአንዲት ላም ተጣልተው ለዓመታት ተኳርፈዋል። «እሱ ይቅር» አሉኝ። መጀመሪያ ያስጻፉኝ ግን የእሱን ስም ነበር።

ደወልኩለት። «አጎቴ፣ የአክስቴ ተዝካር እሁድ ነው» አልኩት። «የእህቴ?» ብሎ ጮኸ። ኩርፊያው ነው ብዬ፣ «እባክህ እንዳትቀር» ብዬ ዘጋሁት።

እሁድ እኔም መርሳ ተገኘሁ። ካህናቱ ጸሎት አድርሰው ተቀምጠዋል። አክስቴ ድንኳኑ መሀል ቆመው ወጥ ይቀምሳሉ። «ጨው አንሶታል! በገዛ ተዝካሬ ልታዋርዱኝ ነው?»

ለሙስሊሙ እንግዳ ለብቻ የታረደውን የምታቀርበው ጎረቤታቸው፣ «ወላሂ፣ እንዲህ የሚጮህ ሟች አይቼ አላውቅም!» ትላለች።

ድንገት ከመንገዱ ለቅሶ ተሰማ። አጎቴ ከሚኒባስ ወርዶ ደረቱን እየደቃ ይመጣል። «እህቴን! ስትሞት ሳይነግሩኝ አርባዋ ደረሰ! ሳልታረቃት! ላሟም የእሷ ነበረች፣ ጥፋቱም የእኔ ነበር!»

ክው አልኩ። ያን ሁሉ ስጽፍ፣ «የቁም» የምትለዋን ለአጎቴ መናገር ረስቻለሁ! ልሮጥ ስል አክስቴ ነጠላዬን ያዙ።

«ተይው፣ ይጨርስ።» ወደ ጎረቤታቸው ዞሩና፣ «ላሟን ሰማሽ? ምስክር ነሽ» አሉ።

ከዚያ ጠላ በዋንጫ ይዘው ወጡ። አጎቴ እንዳያቸው እያማተበ መሬት ተቀመጠ።

«አለሽ እንዴ?»

«አለሁ። ደህና አልቅሰሃል፤ ስሞትም እንዲሁ አድርግልኝ።»

«ሁለቴ አላለቅስም!» አለና እግራቸው ላይ ተደፋ። አክስቴም ማልቀስ ጀመሩ፤ ለተዝካሩ ሁሉን ሲያዘጋጁ ያላሰቡት የራሳቸውን ለቅሶ ብቻ ነበር።

ሲመሽ፣ «ያንን ወረቀት አምጪው» አሉኝ። ማንበብ አይችሉምና የወንድማቸውን ስም አሳየኋቸው። ጣታቸውን ወጥ ውስጥ ነክረው «መጥቷል» ብለው ምልክት አደረጉበት። ወረቀቱ ዛሬም ዳዊቴ ውስጥ አለ፤ ገጹን በዘይት አበላሽቶብኛል።