በኸዲጃ ስም የተደወለ ስልክ

ወርቂቱ መካነ ሰላም ገበያ በርበሬ ስትሸጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ገዢ ሲያነጥስ «አብሽር፣ በርበሬዬ ያስነጠሰውን ሰው ዝም ብዬ አልሸኝም፣ ለሱ ምርቃት አለው» ብላ በእፍኟ ትጨምርለታለች። ከጎኗ የምትቀመጠው ኸዲጃ ደግሞ ቅቤ ነጋዴ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇን ሁዳን በዚያው ቅቤ ያሳደገች። አንዷ ለሶላት ስትነሳ ሌላዋ ትሸጥላታለች።

ባለፈው ክረምት የወርቂቱን ባል ያሲንን እህል አልወርድ አለው። በፊት እንጀራው፣ ቀጥሎ ገንፎው። ደሴ ወሰደችው። ሐኪሙ ያሲንን ውጭ አስቀምጦ ለእሷ ብቻ ነገራት፤ የጉሮሮ ካንሰር ነው፣ ጨረር አዲስ አበባ ነው የሚሰጠው፣ ተራው ጥቅምት ሃያ ነው። «ይቺ ቀን ካለፈች ሌላ ተራ ለማግኘት ወራት ይፈጃል» አላት። እሷም ወጣችና ባሏን «ጨጓራ ነው አሉ፤ ጥቅምት ላይ አዲስ አበባ ይታይልህ ብለዋል» አለችው።

ይህን እሷ አልፈጠረችውም። በዚያ አገር የክፉ በሽታ ስም ለበሽተኛው አይነገርም፤ ስሙን የሰማ ዕለት ተስፋው ይቆረጣል ይባላል። እናቷንም አክስቷንም «ጨጓራ ነው» እየተባሉ ነው የቀበረቻቸው።

ሐሙስ ከሰዓት ለካንሰር ሕሙማንና ለአስታማሚዎቻቸው የሚተላለፍ የሬዲዮ ዝግጅት አለ። ሰው ይደውላል፣ አንዲት ነርስ ትመልሳለች፤ ደዋዩ ካለቀሰ አቅራቢዋ ዝም ብላ ትጠብቀዋለች። ወርቂቱ አምስት ሐሙስ በጆሮ ማዳመጫ ሰማች። በስድስተኛው ከበርበሬ ጆንያዎቿ ኋላ ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ደወለች።

«ማን ልበል፣ እናቴ?» አለች አቅራቢዋ።

ኸዲጃ ለሶላት ሄዳ ነበር። የወርቂቱ ዓይን ባዶው መቀመጫና የቅቤው ቅል ላይ ዐረፈ።

«ኸዲጃ» አለች። «ከመካነ ሰላም። ቅቤ ነጋዴ ነኝ።»

«የሚያስታምሙት ማንን ነው?»

ባሌን እንዳትል ኸዲጃ ባል የላትም። ልጄን እንዳትል በሰው ልጅ ማሟረት ሆነባት።

«በሽተኛዋ እኔው ነኝ» አለች። «ለቤተሰብ ግን አልተናገርኩም። ልንገራቸው ወይስ ደብቄ ልያዘው?»

«ይንገሯቸው» አለች ነርሷ። «ብቻዎን አይሸከሙት። ቀጠሮዎንም በምንም ምክንያት አያሳልፉ።»

ወርቂቱ አመስግና ዘጋች። ኸዲጃ ከሶላት ስትመለስ የሁለት ኪሎ ቅቤ ሂሳብ አስረከበቻት።

በማግስቱ ያሲን ከአልጋው ተነሳ። ጀሪካን ይዞ ውኃ ቀዳ። የበርበሬውን ጆንያ «አንቺ አትሸከሚ» ብሎ በእጅ ጋሪ እያረፈ እያረፈ ገበያ ድረስ ገፋላት። ለእሱ የተቀቀለውን እንቁላል ልጦ በግድ ያጎርሳት ጀመር። «ብዪ እንጂ፣ ፊትሽ እኮ ጠፍቷል» ይላታል።

«አልሀምዱሊላህ፣ ባሌ ተሻለው» ብላ ለጎረቤት አወራች። ያሲን ሌሊት አፉን በትራስ አፍኖ እንደሚያስል አልሰማችም።

ጥቅምት ሲገባ ስለ አዲስ አበባ አነሳችበት።

«የዳነ ሰው አዲስ አበባ ምን ይሠራል?» አለ።

«ለጨጓራህ ነዋ። ቀጠሮ ተይዞልሃል።»

«ጨጓራዬ ድኗል። እኔ አንቺን ትቼ የትም አልሄድም።»

ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ አኮረፈችው። ከዚህ በላይ ለማስገደድ የበሽታውን ስም መጥራት ሊኖርባት ሆነ። አፏ እምቢ አላት። ጥቅምት ሃያ እሱ ልብሷን ሲያጥብላት ዋለ።

ገበያው ደግሞ ከኸዲጃ ሸሸ። እህል ነጋዴው ሞላ ሱቁ በር ላይ በትልቁ የሚከፍተው ሬዲዮ አለው፤ ያን ሐሙስ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል።

«ኸዲጃ፣ ቅቤውን ተይውና ራስሽን አስታሚ እንጂ» አላት።

«ምን ሆኜ?»

«እኛን ትደብቂናለሽ? በሬዲዮ ደውለሽ ለአገር ሁሉ ነግረሽ?»

ወላሂ አልደወልኩም አለች። ማለችም፣ ተራገመችም። የሻለም የምትባል የዘወትር ደንበኛዋ ቅቤውን ልታሸት ጠጋ አለችና ጣቷን መለሰች። «ያለበት ሰው መቼ አለብኝ ብሎ ያውቃል» አለች ለጓደኛዋ፣ ኸዲጃ እየሰማች። በዚያ አገር ሁሉም ሲደብቅ ስለኖረ፣ የለብኝም ማለት አለብኝ እንደማለት ተቆጠረ። ካንሰር ከቅቤ እንደማይጋባ የሚያውቁትም ቢሆኑ ሌላ ዘንድ ገዙ። ሁዳን ለልጃቸው የጠየቁት ሽማግሎች ቀሩ። ወርቂቱ ሁሉንም ከጎን ሆና ሰማች፤ በርበሬዋን ሰፈረች።

ኅዳር ሰባት ቀን ኸዲጃ ወርቂቱ ቤት መጣች። ያሲን እንደገና ወድቆ መደቡ ላይ ተኝቷል።

«ሬዲዮው ዘንድ ደውለን መስክሪልኝ» አለች። «ጎኔ የምትውዪ አንቺ ነሽ። ልጄን ቆሞ ቀር ሊያደርጉብኝ ነው።»

«ማን ይሰማሻል አሁን። ተይው፣ ይረሳል።»

«ላንቺ ይረሳል።»

ያሲን በክንዱ ተደግፎ ቀና አለ። «ኸዲጃ፣ አትልፊ። የደወለችው ይቺ ናት።»

ሁለቱም ዞሩ።

«እዚሁ ተኝቼ ሰምቻታለሁ። የሠላሳ ዓመት ሚስቴን ድምፅ ልስተው?» ወደ ወርቂቱ ዞረ። «ደበቅሽኝ። በሽታው እንዳለብሽ ከሬዲዮ ሰማሁ። አንቺው ትነግሪኛለሽ ብዬ ብጠብቅ ብጠብቅ ዝም አልሽ። ታዲያ ትቼሽ ልሂድ? ውኃ ማን ይቀዳልሻል?»

ወርቂቱ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ያንተ ነው» አለች።

«ምኑ?»

«ካንሰሩ። እኔ ምንም የለብኝም። ያንተ ነው።»

ያሲን ቀስ ብሎ ጉሮሮውን ዳበሰ። የጠየቀችው ኸዲጃ ናት፤ «ቀጠሮውስ?»

«ካለፈ አሥራ ሰባት ቀኑ።»

እዚያው ሆነው አዲስ አበባ ደወሉ። ተራው ለሌላ ተሰጥቷል፤ ያለው ቅርብ ተራ መጋቢት ነው ተባሉ። አራት ወር። ላለፉት ሰባት ቀናት ያሲን ከውኃ በቀር ሌላ አልዋጠም።

በገበያው ቀን ያሲን በምርኩዝ ወጣና ከኸዲጃ ቅቤ አጠገብ ቆመ። «በሬዲዮ የሰማችሁት በሽታ የኔ ነው» አለ ድምፁ በወጣለት መጠን። «የደወለችው ሚስቴ ናት። ይቺን ሴት ተዉአት።» ከስቶ አጥንት የሆነ አንገቱን ያየ ሁሉ አመነው። እስከ ቀትር የኸዲጃ ቅቤ አለቀ። ሽማግሎቹ ግን እንደቀሩ ቀሩ።

በሚቀጥለው ገበያ ኸዲጃ ቅሏን ይዛ በወዲያኛው ረድፍ ተቀመጠች። ወርቂቱ ሄደች።

«ኸዲጃ፣ ቦታሽን ጠርጌልሻለሁ።»

«አየሁት» አለች ኸዲጃ፣ ቀና ሳትል። «ገዢ እየከለልሽብኝ ነው፣ ዞር በይልኝ።»

የዚያን ዕለት ከበርበሬው አንድ እፍኝ አልተሸጠም። አመሻሽ ላይ ወርቂቱ ጆንያውን እየጎተተች ገባች።

«ገበያው እንዴት ነበር?» አላት ያሲን ከመደቡ።

«ደግ ነበር። ጥሩ ሸጥኩ።»

ያሲን እስከ ማሰሪያው የሞላውን ጆንያ አየ።

«ደግ» አላትና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።