ቀኝ እጁን ያነሳው አሻንጉሊት

እኔን ያሳሰረኝ አሻንጉሊት ነው። ሳቁ፣ እኔም ስቄያለሁ።

በደርግ ጊዜ ሆሳዕና በቀበሌ ኪነት ጨፋሪ ነበርኩ። ከዳምቦያ እስከ ሙዱላ እኔን የሚያክል አልነበረም፤ ዛሬም የለም። ማንም ሳያስተምረኝ ከማዳበሪያ ጆንያ ሰው የሚያክል አሻንጉሊት ሰፋሁ። ፊት ለፊቴ አቁሜው፣ እግሩን ከእግሬ፣ እጁን ከእጄ አስሬ አብረን እንጨፍራለን። ያኔ መፈክር ሲባል የሚነሳው ግራ እጅ ነው። በበዓል ቀን መድረክ ላይ ግራዬን አነሳሁ። አሻንጉሊቱ ግን ፊቱ ወደ እኔ ነው፤ ከግራዬ ጋር የታሰረው ቀኙ ነው። ቀኙን አነሳ።

"ይሄ ቀኝ መንገደኛ ነው" አለ የቀበሌው ሊቀመንበር።

"ጓድ፣ እሱ እኮ ጆንያ ነው።"

"አንተስ?"

የከተቱኝ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ክፍል ነው። የአይጥና የሽንት ሽታ አለው። አጠገቤ አንድ የዳምቦያ መምህር ነበሩ፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ውስጥ እግራቸውን ገርፈዋቸው መቆም አይችሉም። አንድ ጠዋት ስማቸው ተጠራ። ጠዋት ተጠርቶ የተመለሰ ሰው አላየንም።

"ባለቤቴ ምግብ ይዛ በር ላይ ናት" አሉኝ። "ስጎተት እንዳታየኝ።"

"ጋሼ፣ በእኔ እግር ይሂዱ።"

"አንተ ደግሞ፣ አሁንም ቀልድ?"

"ቀልድ አይደለም፣ ሙያዬ ነው።"

ሸሚዜን ቀድጄ እግራቸውን እግሬ ላይ አሰርኩ። እንደ ጆንያው ፊት ለፊት አላቆምኳቸውም፤ ጀርባቸውን ደረቴ ላይ አስደግፌ ወገባቸውን ያዝኩ።

"ይኸው፣ ግራና ቀኛችን ገጠመ" አሉ።

ከጆንያዬ ብዙም አይከብዱም።

ጠባቂው በሩን ከፍቶ አየንና "ትጨፍራላችሁ እንዴ?" አለ።

"እየሄድን ነው" አሉት ጋሼ። ከበሩ ዘወር አለልን።

ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፤ ግቢውን አቋረጥን። ባለቤታቸው ከሽቦ አጥሩ ወዲያ ሳህን ይዘው ቆመዋል። ጋሼ ቀኝ እጃቸውን አነሱላቸው። የሚወስዳቸው መኪና ጋ ስንደርስ ጨርቁን ፈታሁት።

አልተመለሱም። ሴትየዋ በማግስቱም ምግብ ይዘው መጡ። በሦስተኛውም ቀን።

እኔን ከወራት በኋላ ለቀቁኝ። አሁን ሰርግ ቤትም ይሁን ባጃጅ ውስጥ፣ ስለ ጭፈራዬ ጉራዬን ስነዛ እውላለሁ። ጋሼን ስላራመደው እግሬም እነዛለሁ። ስለ እጃቸው ግን አንድም ቀን ጉራ ነዝቼ አላውቅም። እሱን ያነሱት ራሳቸው ናቸው።